ዲሲ ለገባ ቤተሰብ፦ የሰፈር ትምህርት ቤት ወይስ ቻርተር?

ቻርተር በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ፣ ግን ራሱን ችሎ የሚተዳደር ትምህርት ቤት ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ሁለቱም በነፃ ናቸው፤ የሚለያዩት አገባባቸው ላይ ነው። የሰፈሩ ትምህርት ቤት ከኪንደርጋርተን ጀምሮ ልጃችሁን በአድራሻው ይቀበላል፣ በዓመቱ መሃል ብትደርሱም። የኪራይ ውልና የክትባት ካርድ ይዛችሁ ሂዱ። የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀት ያላለቀለት ልጅም አይመለስም፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የ1982 ውሳኔ ይጠብቀዋል። አማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነውና አትፈሩ።

ቻርተር ግን በሎተሪ ነው። ማመልከቻው ብዙ ጊዜ ፌብሩዋሪና ማርች ላይ ይዘጋል፤ ኦገስት የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ተራ ጠባቂ ይሆናል። ጥሩነቱ ሰፈር አይገድበውም። ዲሲ ውስጥ ቤት ብትቀይሩም ልጁ እዚያው ይቀጥላል፤ ኪራይ ለሚያንከራትተው ቤተሰብ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ ለአዲስ ገቢ የሰፈሩን እመርጣለሁ። ልጁ ቤት ከሚውል ቶሎ ይጀምር፤ ሎተሪውን ለከርሞ ሙሉ።