ለገና ቀይ ይሆናል ብሎ አረንጓዴ ቅጠል የሸጠልኝ ሰውዬ፤ አዳማ ያላችሁ ተጠንቀቁ

ካፌ፣ ሆቴል ወይም የሠርግ ዲኮር ሥራ ያላችሁ ይህን አንብቡልኝ። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ አነጋገሬ ቢከርር ታገሱኝ።

ፖይንሴቲያን ታውቁታላችሁ፤ ሕዳርና ታኅሣሥ ላይ በየግቢው አጥር ቀይ ሆኖ የሚታየው። በፖት ሲሆን ለገና በየበሩ ይደረደራል። እኔም በሕዳር መጨረሻ ለካፌዬ በረንዳ 40 ፖት፣ አንዱን በ350 ብር፣ 14,000 ብር ከፍዬ ከአንድ መንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ ወሰድኩ። ሁሉም አረንጓዴ ነበር። የሰውዬው አሠራር ለእናንተ አዲስ አይደለም፤ ሻይ ያስመጣል፣ «ዘሩ ከቆቃ እርሻ ነው» ይላል፣ ስልኩን አውጥቶ የቀላ አበባ ፎቶ ያሳያል። «እትዬ፣ ምንም አያስቡ፣ ለገና ይቀላል። ብቻ ብርሃን እንዳይጎድለው፤ ማታ ማታም አምፖል ሥር ቢያደርጉት ይወዳል» አለኝ። ይወዳል!

ገና ደረሰ፤ ከ40 ፖት አንድም የቀላ የለም። የጎረቤቴ አጥር ላይ ያለው፣ ማንም ውኃ የማያጠጣው፣ ከሥር እስከ ጫፉ ቀልቶ ደንበኞቼ እሱ ጋ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ።

በማግስቱ ሊመሽ ሲል ሄድኩ። ሠፈሩ በሙሉ መብራት ጠፍቶበታል። ሰውዬው ወንበሩ ላይ ተደግፎ ስልኩን ይነካካል፤ ቀና ብሎም አላየኝ። ነገሩን ስነግረው ሳቅ አለ። «የት ነው ያስቀመጥሽው?» አለ። ስገዛ «እርስዎ» ነበርኩ፤ ብሩ ኪሱ ከገባ በኋላ «አንቺ» ሆንኩ። በረንዳ ላይ አልኩት። «መብራት አለው?» አለው አልኩ። «በቃ! አንቺው ነሻ ያበላሸሽው። ይሄ ተክል እኮ ጨለማ ነው የሚፈልገው። ማታ ብርሃን ካየ አይቀላም። ይሄንን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል» ብሎ ሁለት ሠራተኞቹን ዞሮ አየ። ሳቁለት።

እኔ አፌን ከፍቼ ሳልጨርስ መብራት መጣ። ከበላዩ፣ ከእንጨቱ ምሰሶ ላይ፣ ትልቅ ፓውዛ ቦግ አለ። ብርሃኑ ያረፈው የት ይመስላችኋል? በተደረደሩት ፖይንሴቲያዎቹ ላይ። ሁሉም አረንጓዴ። ከዕቃ ቤቱ የቆርቆሮ ግድግዳ ጀርባ፣ የፓውዛው ብርሃን የማይደርስበት ጥግ ላይ ግን ሰባት ስምንት የሚሆኑ የተረሱ ፖቶች አሉ፤ ላያቸው አቧራ፣ አንዱ ፖት የተሰነጠቀ፣ ግን ሁሉም ቀልተዋል። በቆርቆሮው ጥላ ልክ፣ በገመድ የተለካ ይመስል፣ እዚህ ቀይ እዚያ አረንጓዴ።

«ይሄስ ፓውዛ?» አልኩት። ዝም አለ። ውኃ የሚያጠጣው ልጅ ነው ነገሩን ያፈረጠው፤ የዋህ ነው መሰለኝ። «እነሱ እኮ ካቲንግ፣ ማለት ለመትከያ የሚሆን ቅርንጫፍ፣ የምንቆርጥባቸው እናት ተክሎች ናቸው፣ እንዳያብቡ ነው የምናበራው» አለ። ባለቤቱ ልጁን በዓይኑ ገረፈውና ወደ እኔ ዞሮ «ምን ችግር አለው፣ የፈረንጅም የገና ዛፍ አረንጓዴ ነው» አለኝ። አሁንም ሳቁ።

ማለትም ያውቅ ነበር። ሆን ብሎ ሲያበራበት የከረመውን፣ እንዳያብብ ያደረገውን ተክል፣ ያብባል ብሎ ሸጠልኝ። «አምፖል ሥር አድርጊው» ያለኝም ለዚህ ነው፤ ሳይቀላ ሲቀር ጥፋቱ የእኔ እንዲሆን።

የእህቴ ልጅ ቆቃ አበባ እርሻ ነው የሚሠራው። ማታ ደውዬ ስነግረው አልገረመውም። ተክሉ የሚቆጥረው የሌሊቱን ርዝመት ነው አለኝ። ቅጠሉ ውስጥ ፋይቶክሮም የሚባል ብርሃን የሚያውቅ ነገር አለ፤ ቀን ይነቃል፣ በጨለማ ቀስ እያለ ይተኛል። ጨለማው ሳይቋረጥ በቂ ሰዓት ከሄደ ቅጠሉ ወደ ቅርንጫፉ ጫፍ «አብብ» የሚል መልእክት ይልካል። መሀል ላይ አምፖል ከበራ ግን ቆጠራው ይፈርሳል፤ ተክሉ ሌሊቱን እንደ ሁለት አጫጭር ሌሊቶች ያየዋል። ይህ የተደበቀ ምሥጢር አይደለም፤ ጋርነርና አላርድ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን አንድ አላብብ ያለ የትምባሆ ዝርያ በጨለማ ቤት እያስገቡ የቀንና የሌሊት ርዝመት የአበባን ጊዜ እንደሚወስን በ1920 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። እኛ አገር የቀኑ ርዝመት ከክረምት እስከ ታኅሣሥ የሚለዋወጠው አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ እኔና እናንተ ልብ አንለውም፣ የጎረቤቴ አጥር ግን ልብ ብሎታል።

ደግሞ ያ ቀዩ አበባ አይደለም፣ ተክሉ ሲያብብ የሚቀላ ቅጠል ነው አለኝ። አበባው መሀሉ ላይ ያለችው ቢጫ ፍሬ የምትመስለው ናት። እንግዲህ ሰውዬው አበባ ብሎ ቅጠል ነው የሚሸጠው፤ ለእኔ ደግሞ ያልቀላ ቅጠል።

በጣም ያናደደኝ ደግሞ ይኼ ነው። ረጅም ሌሊት ከጀመረለት በኋላ ተክሉ ቀልቶ ለሽያጭ እስኪደርስ ሁለት ወር ገደማ ይፈልጋል። እኔ የገዛሁት በሕዳር መጨረሻ ነው፤ ከዚያ እስከ ገና አንድ ወር። በረንዳዬን መቃብር አድርጌ ባጨልመውም አይደርስም ነበር! ብሬን ሲቆጥር ይህን ያውቃል።

ብሬን አልመለሰም። «በፖት ቀይሪ» ብሎ ከጀርባ ያሉትን አቧራ የለበሱትን ሊሰጠኝ ፈለገ፤ ልዩነት ጨምሪ አለኝ፤ ትቼው ወጣሁ።

የምትገዙ ከሆነ የቀላውን ብቻ ግዙ፤ «ይቀላል» የሚባለውን ተዉት። ከመክፈላችሁ በፊት ከመሸ በኋላ ሄዳችሁ ፓውዛ ይበራ እንደሆነ እዩ። ራሳችሁ ማቅላት ከፈለጋችሁ ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ጠዋት 2 ሰዓት በካርቶን ሸፍኑት፤ ቀን ደግሞ በቂ ብርሃን ያግኝ።

አሁን የቀሩትን አረንጓዴዎች «ለጥምቀት ይደርሳል» እያለ እየሸጠ ነው፤ ዛሬ ጠዋት አንዲት የዲኮር ባለሙያ ደውላ ነገረችኝ። ጥምቀት ጥር 11 ነው። ዛሬ ማታ ፓውዛውን ቢያጠፋ እንኳ የሚቀሉት የካቲት መጨረሻ ነው። እንዳትከፍሉ።