የቤከር የሙዚቀኞች የሕይወት ታሪክ መዝገበ ቃላት፦ ጅማ ላለ አንባቢ የትኛው እትም ይሻላል?

ቴዎዶር ቤከር በ1900 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን ይህን መጽሐፍ ሙዚቃ ለሚያስተምር ሁሉ ያለ ማመንታት እንመክራለን። ስሙ የገነነው ከ1958ቱ 5ኛ እትም ጀምሮ ባዘጋጀው በኒኮላስ ስሎኒምስኪ ነው። ስሎኒምስኪ የልደት ቀን ከሌላ መጽሐፍ ዝም ብሎ አይገለብጥም፤ ለመዝገብ ቤቶች እየጻፈ የልደት ምስክር ወረቀት ያስመጣ ነበር። የሞዛርት ቀብር በበረዶ ውሽንፍር መካከል ተፈጸመ የሚለውን ወሬ እንኳ የቪየናን የአየር ሁኔታ መዝገብ አስፈትሾ ውድቅ አድርጎታል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ሊከበር ይገባዋል!

አሮጌ መጽሐፍ የምትገዙ ስሎኒምስኪ ያዘጋጀውን የ1992ቱን 8ኛ እትም ምረጡ። ከ2,000 ገጽ በላይ ሆኖ በአንድ ጥራዝ ያለቀ ስለሆነ ፎቶ ኮፒ ማሽን ላይ ሲጫኑት ጀርባው ይሰነጠቃል፤ የጅማ ክረምት ደግሞ ወረቀት ያሻግታልና ከግድግዳ አርቃችሁ አስቀምጡት። ቀኖቹን ወደ እኛ አቆጣጠር ስትመልሱ ከጃንዋሪ እስከ እንቁጣጣሽ ዋዜማ ላለው 8፣ ከዚያ በኋላ ላለው 7 ዓመት ቀንሱ።