ንጹሕ መዳብ ወይስ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም፦ ለቢሮና ለቤት ኔትወርክ የትኛውን ኬብል እንግዛ?

አዲስ ቢሮ የከፈቱ ወይም ቤታቸው ካሜራ ለማስገጠም ያሰቡ ወዳጆቼ ዘወትር የሚጠይቁኝ የትኛው ራውተር፣ የትኛው ስዊች ይሻላል እያሉ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የማነሣባቸው የኬብሉን ጉዳይ ነው፤ ራውተር ቢበላሽ በግማሽ ቀን ይቀየራል፣ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረን ኬብል ማውጣት ግን ቤት እንደ ማደስ ነው። በአዲስ አበባ ሱቆች ካት 6 (የኔትወርክ ኬብል ደረጃ መጠሪያ ነው) ተብለው ጎን ለጎን ከሚሸጡት ኬብሎች አንዱ የውስጥ ሽቦው ንጹሕ መዳብ ሲሆን፣ ሌላው ሲ ሲ ኤ የሚባለው፣ አሉሚኒየሙ ላይ ስስ መዳብ የተለበጠበት ነው። የእኔ ምርጫ መዳቡ ነው፤ ምክንያቱንም ከኪሳችን ከወጣው ገንዘብ ጋር አስረዳለሁ።

የኅትመት ቤታችንን ኔትወርክ ስንዘረጋ 305 ሜትር የሚይዘው የሲ ሲ ኤ ካርቶን 6,400 ብር፣ የመዳቡ 12,200 ብር ነበር፤ በሜትር ሲሰላ አንዱ 21፣ ሌላው 40 ብር መሆኑ ነው። ይህ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት የነበረ ዋጋ ስለሆነ፣ ዛሬ ገበያ ስትወጡ ቁጥሩን ሳይሆን በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ያዙ። እኛም ያንን የ5,800 ብር ልዩነት አይተን፣ ሻጩም «ሁለቱም ካት 6 ነው» ስላለን፣ ካርቶኑ ላይም የታወቀ ድርጅት ስም ስለታተመበት ርካሹን ወሰድን።

ስምንት ወር እንኳ ሳይሞላ የዲዛይን ክፍሉ ኮምፒውተር ፋይል መላክ አቃተው። 4 ጊጋባይት የሚሆን የመጽሐፍ ፋይል ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይደርስ የነበረው ስድስት ደቂቃ ይፈጅ ጀመር። ቴክኒሻኑ መጥቶ ሲያየው መስመሩ ከ1,000 ወደ 100 ሜጋቢት ወርዶ ነበር፤ ለጊጋቢት፣ ማለትም ለ1,000 ሜጋቢት፣ በኬብሉ ውስጥ ያሉት ስምንቱም ሽቦዎች ስለሚያስፈልጉና ለ100 ሜጋቢት ግን አራቱ ስለሚበቁ፣ ኬብሉ ጫፍ ላይ ባለው መሰኪያ (ኮኔክተር) ሥር አንዲት ቡናማ ሽቦ ስትበጠስ መስመሩ ሳይቋረጥ ፍጥነቱ ብቻ ወድቋል። ጫፉን ቆርጦ አዲስ ኮኔክተር አሰረልን፤ በሳምንቱ ሌላ ክፍል ውስጥ ያው ነገር ደረሰ። አሉሚኒየም ጥቂት ጊዜ ከተጣጠፈ ይሰበራልና ጠረጴዛ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንጠራው ነበር። ለአንድ ምልልስ 800 ብር እየከፈልን አራት ጊዜ አስመጣነው።

ከሁሉ ያስቸገረን ግን 70 ሜትር ያህል ርቆ በር ላይ የተሰቀለው ካሜራ ነው። ቀን ቀን ያለ እንከን ይሠራል፤ ሲመሽ የማታ መብራቱን ሲያበራ ይጠፋና እንደገና ይነሣል፣ እንዲህ ሲል ያድራል። ካሜራው ኃይል የሚያገኘው በዚያው በዳታ ኬብሉ ስለሆነ፣ የሲ ሲ ኤ ሽቦ ደግሞ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው በዚያው ውፍረት ካለው መዳብ ከ50 በመቶ በላይ ስለሚበልጥ፣ መብራቱ ተጨማሪ ኃይል በሚጠይቅበት ሰዓት ከጫፍ የሚደርሰው ቮልቴጅ አይበቃም። የባከነው ኃይል ሽቦውን ያሞቀዋል፤ በርካታ ኬብሎች አንድ ላይ ታስረው በሚያልፉበት ቦታ ይህ የደኅንነት ጉዳይ ጭምር ነው።

በመጨረሻ ሁሉንም አውጥተን መዳብ ዘረጋን። የመጀመሪያው ካርቶን 6,400፣ የጥገናው 3,200፣ የድጋሚ ዝርጋታው የእጅ ዋጋ 9,000 ብር ሲደመር፣ ከመነሻው መዳቡን ብንገዛ ኖሮ የማናወጣው 18,600 ብር ወጣ። የተቆፈረውን ግድግዳ ማስቀባት በዚህ ውስጥ የለም።

ካርቶን ላይ የተጻፈውን አትመኑ፤ ካት 6 የሚለውን ስም ያወጣው ቲ አይ ኤ 568 የተባለው መለኪያ ሽቦው መዳብ እንዲሆን ያዛል፣ ካርቶኑን የሚያሳትሙት ግን ለዚህ አይጨነቁም። መጀመሪያ ካርቶኑን አንሡት፤ መዳቡ ከባድ ነው፣ ሌላው ግን ይቀላል። ቀጥሎ ጫፉን አስቆርጡና አንዷን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጓት፤ ከቀዩ ሥር ብርማ ቀለም ካወጣች አሉሚኒየም ናት። የቆረጣችሁትን ቁራጭ ከሱቁ ውጭ በላይተር ብትለበልቡት መዳቡ ፍም መስሎ ይቀላል እንጂ ቅርጹን አይለቅም፣ አሉሚኒየሙ ግን 660 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ ወዲያው ይልፈሰፈሳል፣ ይቆረጣል። ሻጩ ጫፍ መቁረጥ ከከለከላችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ገንዘብ ያጠረው ሰው ሲ ሲ ኤ ከሚገዛ ንጹሕ መዳብ የሆነውን፣ በደረጃ ከካት 6 ዝቅ የሚለውን ካት 5ኢ ቢገዛ እመርጣለሁ። እስከ 100 ሜትር ድረስ 1 ጊጋቢት ያደርሳል፤ የካት 6 ብልጫ 10 ጊጋቢትን እስከ 55 ሜትር መሸከሙ ነው፣ ይህም ለአብዛኛው ቤትና ለትንሽ ቢሮ አያስፈልግም። ደግሞም ሙሉ ካርቶን መግዛት ግዴታ አይደለም። 60 ሜትር ብቻ ለሚፈልግ ቤት መዳቡን በችርቻሮ በሜትር 45 ብር እንኳ ቢገዙት 2,700 ብር ነው፤ ያን ጊዜ ለሲ ሲ ኤው ካርቶን ከከፈልነው ግማሽ እንኳ አይሞላም።