ፖስት ፒል፦ የት ይሠራል፣ የት ይከሽፋል

በከተማ ፋርማሲዎች መስኮት ላይ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ከሚጠየቁ ነገሮች አንዱ ፖስት ፒል ነው። ዲኬቲ ኢትዮጵያ የሚያሠራጨው ይህ ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል፤ በሕክምና በኩልም ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጅ ክልክል አይደለም። ሻጩ ጠቅልሎ ያቀብላል፣ ገዢዋ ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች፣ ሁለቱም ቶሎ መገላገል ይፈልጋሉ። ክኒኑ ጥሩ ነው። የሚጎድለው አብሮት ሊሰጥ የሚገባው የሁለት ደቂቃ ምክር ነው። ገዢው ወንድ ጓደኛ ሲሆን ደግሞ ምክሩ ቢሰጥም መንገድ ላይ ይቀራል።

ውስጡ ያለው ሌቮኖርጀስትሬል የተባለ ሆርሞን ነው። የሚያስፈልገው መጠን በድምሩ 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ እንደ ማሸጊያው አንድ ባለ 1.5 ወይም ሁለት ባለ 0.75 ክኒን ይሆናል። ሁለት ሲሆን የድሮው አወሳሰድ አንዱን ወዲያው፣ ሌላውን 12 ሰዓት ቆይቶ ነበር። አሁን የዓለም ጤና ድርጅት የሚመርጠው ሁለቱንም ባንድ ላይ መዋጥን ነው፤ ሁለተኛው እንዳይረሳም ይበጃል። አንዱን ውጦ ሌላውን ለሌላ ቀን ማስቀመጥ ወይም ከጓደኛ ጋር መካፈል ግን ለማንም አይሆንም። ግማሽ መጠን ግማሽ ጥበቃ አይሰጥም።

ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ሰዓት ነው። 72 ሰዓት ሲባል ብዙዎች “ሦስት ቀን” ብለው በጣት ይቆጥራሉ፤ ቆጠራው ግን ከግንኙነቱ ሰዓት ይጀምራል። ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከነበረ የሚሞላው ማክሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ይህ ማለት እስከ ማክሰኞ መቀመጥ ይቻላል ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣው ትልቅ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ የተወሰደ ክኒን ሊፈጠር ይችል ከነበረው እርግዝና 95 በመቶውን አስቀርቷል። በሁለተኛው ቀን ወደ 85፣ በሦስተኛው ወደ 58 በመቶ ወርዷል። እስከ አምስተኛው ቀን ቢወሰድ ጥቂት ሊረዳ ይችላል፤ ያን ያህል ከዘገየ ግን የተሻለው በአምስት ቀን ውስጥ በጤና ባለሙያ ማኅፀን ውስጥ የሚገባው የመዳብ ሉፕ ነው፤ ከ99 በመቶ በላይ ይከላከላል።

በባዶ ሆድም ሆነ ከምግብ በኋላ ይወሰዳል። ጾም ነው ተብሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማቆየት ጥቅም የለውም፤ የሚያቅለሸልሻት ልጅ ግን ጥቂት ነገር ቀምሳ ብትውጠው ይሻላታል። በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ሌላ ሙሉ መጠን መውሰድ አለባት። ራስ ምታት፣ ድካምና የጡት መወጠር ሊኖር ይችላል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይተዋል።

ሰው በጣም የሚሳሳተው ክኒኑ በሚሠራበት መንገድ ላይ ነው። ፖስት ፒል እንቁላል ከማምረቻዋ የምትወጣበትን ቀን ያዘገያል፤ ሥራው በዋናነት ይኸው ነው። የወንድ ዘር በሴት አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ስለሚችል፣ እንቁላሏ ከዘገየች ሳይገናኙ ይቀራሉ። እንቁላሏ አስቀድማ ወጥታ ከሆነ ግን ክኒኑ የሚያደርገው ነገር የለም። ተረግዞ ከሆነም አያስወርድም፣ ጽንሱንም አይጎዳም። “ማስወረጃ ነው” እያሉ የሚያስፈራሩም፣ ወር አበባ ከቀረ በኋላ ሊገዙት የሚመጡም እዚሁ ላይ ይሳሳታሉ።

ከዚሁ የሚከተል፣ ብዙ ጊዜ የማይነገር አደጋ አለ። እንቁላሏ ዘገየች እንጂ አልቀረችም። ልጅቷ አርብ ክኒኑን ወስዳ በሚቀጥለው ሳምንት ያለ መከላከያ ግንኙነት ብታደርግ፣ የዘገየችው እንቁላል የምትወጣበት ጊዜ ላይ ልትወድቅ ትችላለች። ክኒኑ ወደፊት ለሚመጣ ግንኙነት አይሠራም፤ አስቀድሞ መዋጥ የማያዋጣውም ለዚህ ነው። “ወስጄ አረገዝኩ” ከሚባሉት ታሪኮች ጥቂት የማይባሉት በመጀመሪያው ሌሊት ሳይሆን በተከታዩ የመጡ ናቸው።

መድኃኒት የምትወስድ ልጅ ከመግዛቷ በፊት ለፋርማሲስቱ መናገር አለባት። የሳንባ ነቀርሳው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን፣ ከኤችአይቪ መድኃኒቶች ደግሞ ኤፋቪሬንዝ የሆርሞኑን መጠን በደም ውስጥ ያሳንሱታል። እዚህ ላይም ሉፕ ይመረጣል፤ መጠኑ እጥፍ ይሁን አይሁን የሚወስነው ባለሙያ ነው። ክብደቷ ከፍ ላለ ልጅም አቅሙ ሊቀንስ ይችላል።

ደጋግሞ መውሰድ መካን ያደርጋል የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። የወር አበባን ቀን ግን ያዘበራርቃል፤ ያም የማርገዝ ጭንቀቱን በየወሩ ያድሳል። ፖስት ፒል የዘወትር መከላከያ የማይሆንበት ዋናው ምክንያት ግን አቅሙ ከዘወትሮቹ ማነሱ ነው። በተለመደው አጠቃቀም በአንድ ዓመት ውስጥ ክንድ ላይ ከሚቀበረው ኢምፕላኖን ተጠቃሚዎች ከ1,000 አንዷ ገደማ ታረግዛለች፤ በዲፖ መርፌ ከ100 አራት፣ በየቀኑ በሚዋጠው ክኒን ሰባት፣ በኮንዶም 13 ገደማ። የሦስት ዓመቱ ኢምፕላኖንና የሦስት ወሩ ዲፖ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣሉ። ኮንዶም በዚህ ተርታ ዝቅ ቢልም ከኤችአይቪና ከአባላዘር በሽታ የሚከላከለው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ከሌላው ጋር ደርቦ መጠቀም ነው የሚያዋጣው። ለተሠራለት ሥራ ፖስት ፒልን ከአምስት ነጥብ ውስጥ አራት እንሰጠዋለን፤ በየሳምንቱ ለሚገዛው ሰው 1 ይበዛበታል።

አንድ ነጥብ ያስቀነሰው ተደራሽነቱ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉ ሴቶች 13 በመቶው ወልደዋል ወይም አርግዘዋል። አዲስ አበባ ላይ 3 በመቶ የነበረው አፋር ላይ 23 ነበር። ቁጥሩ ከፍ ባለበት አካባቢ ፋርማሲ ሩቅ ነው፤ ብዙዎቹም በልጅነት የተዳሩ ናቸው። እዚያ ከፋርማሲው ይልቅ የሚቀርበው ጤና ኬላው ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ዲፖ ትወጋለች፣ ሠልጥና ከሆነም ኢምፕላኖን ትቀብራለች።

ግንኙነቱ በግዳጅ ከሆነ ከፋርማሲው መስኮት መመለስ አይበቃም። ከኤችአይቪ የሚከላከለው መድኃኒትም በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመርና ለ28 ቀን መወሰድ አለበት። የጉዳት ሕክምና፣ ማስረጃ መያዝና የሥነ ልቦና ድጋፍም ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለው ማዕከል እነዚህን አንድ ቦታ ላይ ይሰጣል፤ ሌላ ቦታ ያለች ልጅ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ትሂድ። ፖስት ፒሉን መዋጥ ግን እስከዚያ አይዘግይ።

ሲገዙ የማብቂያ ቀኑንና ማሸጊያው አለመቀደዱን ማየት ያስፈልጋል። ከወሰዱ በኋላ ባሉት ቀናት ጥቂት ደም ቢታይ ወር አበባ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ወር አበባው ከሚጠበቅበት ቀን ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ፣ ወይም በጣም ትንሽ ከሆነ፣ የሽንት ምርመራ ይደረግ፤ ከግንኙነቱ ሦስት ሳምንት ካለፈ ውጤቱ ይታመናል። ከሳምንታት በኋላ በታችኛው ሆድ በአንድ ጎን ከባድ ሕመም ከመጣ ከማኅፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ነው። ዲፖ ወይም ኢምፕላኖን ለመጀመር ደግሞ ቀጣዩን ወር አበባ መጠበቅ አያሻም፤ ፖስት ፒሉ በተዋጠበት ቀን ይጀመራል፣ ለ7 ቀን ኮንዶም ይታከላል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ እርግዝና መኖር አለመኖሩ ይመረመራል።