ሥራው በጨለማ፣ መንገዱ በጨረቃ፦ ለማር ቆራጭ የሚሆን የጨረቃ ሰንጠረዥ

ሆለታ አካባቢ 11 ቀፎ አለኝ፤ ስምንቱ ባህላዊ ናቸው፣ ሦስቱ ዘመናዊ። ማር የምቆርጠው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው አደይ አበባና መች የሚባለው አበባ ካለፉ በኋላ በኅዳር፣ ሁለተኛው በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ነው። የምቆርጠው ደግሞ በሌሊት ነው። ንብ በጨለማ አትበርም፤ ከቀፎው አፍ ወጥታ እግር ላይ ትሳባለች እንጂ ፊት ላይ አትመጣም። ጨረቃ ካለች ግን ነገሩ ሌላ ነው። በብርሃን ትነሣለች፣ ትነድፋለች፣ የነደፈችውም ትሞታለች። በአንድ ሌሊት ጥድፊያ ስንት ንብ እንደሚያልቅ በማግስቱ ከቀፎው ሥር ያለውን ሣር ገለጥ አድርጎ ያየ ሰው ያውቀዋል።

ታዲያ ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ለምን አትመርጥም የሚለኝ አይጠፋም። ቀፎዎቼ ያሉት ከቤቴ የግማሽ ሰዓት መንገድ ርቀው ከወንዙ ማዶ ነው። ጠርዙ ድረስ የሞላ የማር ጋን ተሸክሞ በድቅድቅ ጨለማ ወንዝ መሻገር አይሞከርም። አባቴ ይህን የፈታው ቀላል በሆነ ዘዴ ነበር፦ ጨረቃ ሞልታ ሁለት ሦስት ሌሊት ሲያልፍ ይወጣል፤ ፀሐይ ጠልቃ ጨረቃ እስክትወጣ ባለው ክፍተት ይቆርጣል፤ ከወጣች በኋላ በእርሷ ብርሃን ይመለሳል። ሥራው በጨለማ፣ መንገዱ በጨረቃ። ይህ እንዲሳካ ግን ጨረቃ የምትወጣበትን ሰዓት በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል። እርሱ በዓይኑ ያውቀው ነበር። እኔ ግን ከተማ ስኖር ብዙ ዓመት ስላለፈኝ ያንን ዓይን አላገኘሁትም።

መጀመሪያ የሞከርሁት ስልኬ ላይ የጫንሁትን አንድ መተግበሪያ ነው፤ ስሙን አልጠቅስም። መልኩ ያምራል፣ ጨረቃዋም በየቀኑ ስትጎድልና ስትሞላ ያሳያል። በ2017 ኅዳር እርሱን አምኜ ወጣሁ። አራተኛውን ቀፎ ከፍተን እጄ እስከ ክንዴ ማር ውስጥ እያለ የወንድሜ ልጅ «ጋሼ፣ ወጣች እኮ!» አለኝ። ጨረቃዋ መተግበሪያው ከነገረኝ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድማ ከባሕር ዛፉ በላይ ብቅ ብላለች። የዚያን ሌሊት የሆነውን ማስታወስ አልፈልግም፤ ሁለት ቀፎ ንብ ጥሎልኝ ሄደ። በኋላ ቤት ተቀምጬ የመተግበሪያውን ሰዓቶች በወረቀት ስጽፋቸው በአንዱ ቀንና በሚቀጥለው መካከል ያለው ልዩነት ሁልጊዜ 50 ደቂቃ ሆኖ አገኘሁት። ከወር እስከ ወር አንድም ቀን አይለይም። 50 ደቂቃ አማካይ ነው እንጂ የጨረቃ ልማድ አይደለም፤ እርሷ አንዳንድ ሰሞን 45 ደቂቃ ብቻ ትዘገያለች፣ አንዳንድ ሰሞን ከአንድ ሰዓት በላይ። ያ መተግበሪያ ሰማይን አያሰላም ነበር፤ እየደመረ ብቻ ነው የሚሄደው።

አሁን የምጠቀመው ታይም ኤንድ ዴት የተባለው የኖርዌይ ድረ ገጽ የሚያወጣውን የወር ሰንጠረዥ ነው። ያለ ክፍያ ይገኛል። ከተማችሁን ትመርጣላችሁ፣ ወሩንና ዓመቱን ትመርጣላችሁ፤ ለእያንዳንዱ ቀን ጨረቃ የምትወጣበትንና የምትጠልቅበትን ሰዓት፣ የምትወጣበትን አቅጣጫ በዲግሪ፣ ከምድር ያላትን ርቀት በኪሎ ሜትር፣ ከፊቷ ምን ያህሉ እንደበራ በመቶኛ ያስቀምጣል። ለሆለታ የአዲስ አበባውን እወስዳለሁ። እኛ በትንሹ ወደ ምዕራብ ስለሆንን ልዩነቱ አንድ ደቂቃ ቢሆን ነው። አንድ ዲግሪ ኬንትሮስ 4 ደቂቃ ነው ብላችሁ አስቡ።

ዘንድሮ በ2018 ኅዳር ሰንጠረዡን ከሰማይ ጋር እያመሳከርሁ አንድ ወር ሙሉ ፈትኜዋለሁ። ኅዳር 11 ጠፋች፤ ኅዳር 19 ግማሽ ሆነች፤ ከኅዳር 25 ለ26 በሚያነጋው ሌሊት ሞላች። በግማሿ ሰሞን መውጫዋ በየቀኑ 45 ደቂቃ ገደማ ነበር የሚዘገየው። በሙሉዋ ሰሞን ግን አንድ ሰዓት ደረሰ። ምክንያቱን የርቀቱ ዓምድ ላይ አገኘሁት፦ በእነዚያ ቀናት ወደ 357,000 ኪሎ ሜትር ቀርባን ነበር፣ ስትቀርብ ደግሞ ፈጥና ትሄዳለች። ይህን ያህል ዝርዝር በነጻ መገኘቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሰንጠረዡን እንደ ወረደ ወስዶ መውጣት ግን አይበቃም። የሚሰጠው ሰዓት አድማሱ ሜዳ ለሆነለት ሰው ነው። ከቀፎዎቼ በስተምሥራቅ ጉብታ አለ፣ በላዩ ላይ ባሕር ዛፍ ቆሟል። ክንዴን ወደፊት ዘርግቼ ጭብጤን አድማሱ ላይ ሳስቀምጥ የዛፎቹ ጫፍ ግማሽ ጭብጥ ይሆናል። አንድ ጭብጥ 10 ዲግሪ ያህል ነው፤ በእኛ አገር ጨረቃ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ 10 ዲግሪ ለመውጣት 40 ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል። ስለዚህ ለእኔ ከሰንጠረዡ ላይ 20 ደቂቃ ይጨመርልኛል። ጉብታው ግን በሁሉም በኩል እኩል አይደለም፤ ጨረቃም በወሩ ውስጥ አንዴ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ አንዴ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እያለች ነው የምትወጣው። የአቅጣጫው ዲግሪ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅመው። በዚያ በኩል ዛፍ አለ ወይስ ክፍት ነው የሚለውን ቀን ሄዳችሁ ተመልከቱ።

ሰዓቱ በ24 የተከፈለ ስለሆነ ወደ እኛ መመለስ ያስፈልጋል፦ ከምሽቱ 18 ሰዓት በላይ ከሆነ 18 ቀንሱ፣ 20:30 ማለት ማታ 2:30 ነው። ቀኑም የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ነው፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ያለውን የሚቀጥለው ቀን መስመር ላይ ፈልጉት። በወሩ አንድ ቀን የመውጫው ቦታ ባዶ ሆኖ ብታገኙ አትደንግጡ። ከእኩለ ሌሊት ትንሽ ቀድማ የወጣች ጨረቃ በማግስቱ ከእኩለ ሌሊት አልፋ ስለምትወጣ በመካከሉ ያለው ቀን መውጫ የለውም።

ስለ መቶኛውም ልናገር። 50 በመቶ ሲል የብርሃኑ ግማሽ ይመስላል፤ አይደለም። ግማሽ ጨረቃ የምትሰጠው ብርሃን የሙሉዋን አንድ አሥረኛ ያህል ነው። ለማር ቆራጭ ይህ የምሥራች ነው፦ ከግማሽ በታች የሆነች ጨረቃ ሰማይ ላይ ብትኖርም ንቡ ያን ያህል አይረበሽም። ባትሪዬን ደግሞ በቀይ ላስቲክ እሸፍነዋለሁ፤ ንብ ቀይ ቀለም አያይም።

አባቴ ድጓ ያስተምር የነበረ ሰው ስለሆነ ሠርቀ ሌሊትን፣ ማለትም ጨረቃ ስንት ሌሊት እንደሆናት፣ ከባሕረ ሐሳብ ቁጥሮች ከአበቅቴና ከሕፀጽ አስልቶ በቃሉ ይናገር ነበር። የዘንድሮው አበቅቴ 12 ነው። ያንን ሒሳብ ከሰንጠረዡ ጋር ሳስተያየው አራት አምስት ቀን ይለያያሉ። ሒሳቡ በዓላትንና አጽዋማትን ለማውጣት የተሠራ ነው፤ ለዚያም ይበቃል። አባቴ ራሱ ቀፎ ሊከፍት ሲል አበቅቴ አይቆጥርም ነበር፤ ደጅ ወጥቶ ቀና ይል ነበር እንጂ።

ኅዳር 28 ማታ ወጣን። ሰንጠረዡ ጨረቃ 3 ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረው ትወጣለች ይላል፤ ከጉብታው ጋር 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው ማለት ነው። የደረቀ እበት አጭሰን ከ1 ሰዓት ጀምሮ ስድስት ቀፎ ቆረጥን። ነጭ፣ ወፍራም የማር እንጀራ፤ ቢላው ሲገባበት ድምፅ የሚሰጥ። የመጨረሻውን ቀፎ አፍ በቅጠልና በጭቃ ዘግተን ጋኑን አንሥተን ቆመን እያለ የባሕር ዛፉ ጫፎች ነጡ። ንቡ ዝም ብሎ ነበር። ወንዙን ስንሻገር ድንጋዩ አንድ በአንድ ይታይ ነበር።

የግንቦቱን ገጽ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ ማጨሻው በተሰቀለበት ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ግንቦት 23 ትሞላለች። ያን ጊዜ ደመና ሊኖር ይችላል፣ እርሱን ሰንጠረዡ አያውቅም፤ ስለዚህ አንድ ሌሊት ብቻ አልመረጥሁም፣ ከ25 እስከ 27 ያሉትን ሦስቱንም በእርሳስ ከብቤአቸዋለሁ።