የነርስ ፕራክቲሽነር ትምህርት በኢንተርኔት፦ የራስ ግዛት ወይስ የሌላ ግዛት ትምህርት ቤት?

አሜሪካ ውስጥ የነርስ ፕራክቲሽነር (በሽተኛ መርምሮ መድኃኒት የሚያዝ ነርስ) ትምህርት ለመጀመር ያሰቡ ነርሶች ሲደውሉልኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ክፍያ ነው። እኔ መልሼ የምጠይቃቸው ሌላ ነው፦ «የተግባር ልምምዱን የት ልትሠሩ ነው?» ንባቡም ፈተናውም ቤት ቁጭ ብሎ ያልቃል፤ የበሽተኛ ሆድ ግን በኮምፒውተር አይዳሰስም። በ2022 የወጣው አገር አቀፍ መመዘኛ ቢያንስ 750 ሰዓት በሽተኛ በቀጥታ ማየትን ይጠይቃል። ያን ሰዓት በምትሠሩበት ክሊኒክ ላይ ሥልጣን ያለው ደግሞ ክሊኒኩ የሚገኝበት ግዛት ነው።

የሌላ ግዛት ትምህርት ቤቶች «የሳራ አባል ነን» ብለው ያረጋጓችኋል። ሳራ ከካሊፎርኒያ በስተቀር ሁሉም ግዛቶች የገቡበት ስምምነት ነው፤ ኮሌጁ በየግዛቱ ፈቃድ ሳይለምን በርቀት እንዲያስተምር ያስችለዋል። በየግዛቱ የነርስነት ፈቃድ የሚሰጡትን የነርስ ቦርዶች እጅ ግን አያስርም። ዋሽንግተን ግዛት (ዲሲ ሳትሆን ሲያትል ያለችበት) የሳራ አባል ናት፤ ሆኖም የውጭ ትምህርት ቤት ሲያትል ክሊኒክ ውስጥ ተማሪ ለማሰማራት በቅድሚያ የግዛቷን ነርስ ቦርድ ይሁንታ ማግኘት አለበት። ኒውዮርክም የራሷን ፈቃድ ስለምትጠይቅ፣ ጣጣውን የፈሩ ትምህርት ቤቶች የኒውዮርክ ነዋሪ ከነጭራሹ አይመዘግቡም። ካሊፎርኒያ ደግሞ ከቦርዱ ይሁንታ ሌላ ተማሪው ራሱ የካሊፎርኒያ የነርስነት ፈቃድ እንዲኖረው ትፈልጋለች።

ስለዚህ በእነዚህ ሦስት ግዛቶች ለሚኖር ሰው ምክሬ አጭር ነው፦ ትምህርት ቤቱ በግዛቱ ይሁንታ ማግኘቱን በጽሑፍ ካላሳያችሁ፣ ክፍያው ቢበዛም የግዛታችሁን ዩኒቨርሲቲ ምረጡ። በአካባቢው ካሉ ሆስፒታሎች ጋር የቆየ ውል ስለሚኖረው ቦታ ፍለጋው ይቀላል።

በሌሎች ግዛቶች የውጭ ትምህርት ቤት ሊያዋጣ ይችላል። ግን ልምምዱን የሚቆጣጠርላችሁን ባለሙያ፣ ማለትም ፕሪሴፕተሩን፣ ማን እንደሚፈልግ ጠይቁ። ራሱ የሚያገናኛችሁ ትምህርት ቤት አለ፤ «ራሳችሁ ፈልጉ» የሚልም አለ። ሁለተኛው በክፍያ ረከስ ብሎ ይታያል። በኋላ ግን ፕሪሴፕተር ለሚያፈላልጉ ድርጅቶች በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ስትከፍሉ ርካሽነቱ ይቀራል፤ ካጣችሁም ሴሚስተሩ ያልፋችኋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላም ነገር አለ። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ነርሶች በብዙ ግዛቶች የሚያሠራ ፈቃድ ማውጣት ስለሚችሉ፣ በነርስ ፕራክቲሽነርነትም እንደዚያ የሚሠራ ይመስላቸዋል። ያ ፈቃድ ግን ለሬጂስተርድ ነርስና ለፕራክቲካል ነርስ ነው፤ ነርስ ፕራክቲሽነርነትን አይጨምርም።

ትምህርት ቤቶች ድረ ገጻቸው ላይ ከየግዛቱ ስም ጎን «መስፈርቱን ያሟላል» ወይም «አያሟላም» ብለው ይጽፋሉ። ይህ የሚናገረው ተመርቃችሁ ፈቃድ ለማውጣት ትምህርቱ ይበቃ እንደሆነ ነው። ልምምዱን እዚያው መሥራት መቻላችሁ ሌላ ጥያቄ ስለሆነ ለብቻው ጠይቁ፤ በስልክ የተነገራችሁንም በኢሜይል አስጽፉ።

ከ2024 ጀምሮ የፌዴራሉ ደንብ ትምህርቱ የተማሪውን ግዛት የፈቃድ መስፈርት ማሟላቱን ትምህርት ቤቱ እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል። የሚያየው ግን በምዝገባ ወቅት ያላችሁበትን ግዛት ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆና ተመዘገበች፤ በሦስተኛው ሴሚስተር ባለቤቷ ሲያትል ሥራ አገኘና ቤተሰቡ ተዛወረ። ትምህርት ቤቷ ዋሽንግተን ውስጥ ይሁንታ አልነበረውም። አንድ ሙሉ ሴሚስተር ሜሪላንድ ተመልሳ፣ የአክስቷ ልጅ ሳሎን ሶፋ ላይ እያደረች ሰዓቷን ሞላች። ትንሹ ልጇ በስልክ «መቼ ነው የምትመጪው?» ሲላት የቀሩትን ሰዓቶች ትቆጥርለት ነበር።