በጅማ ክረምት የተፈተነ ሪሲቨር

ጅማ ላይ የዲሽ ሪሲቨር መመዘን ያለበት በጥቅምት ፀሐይ ሳይሆን በሐምሌ ዝናብ ነው። በሰኔ መጀመሪያ ከመርካቶ የገዛሁትን፣ ዲቪቢ-ኤስ2 (አዲሱን የሳተላይት ቴሌቪዥን ስርጭት ደረጃ) የሚቀበል ሪሲቨር እስከ መስከረም ሳልገመግመው የቆየሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። አንድ ዓይነት ቦርድ በልዩ ልዩ ስም ስለሚሸጥ የዕቃውን መጠሪያ መጥቀስ ለገዢ ብዙም አይጠቅምም፤ ስለዚህ ስሙን ትቼዋለሁ። ሻጩ ልጅ «ጋሼ፣ ይሄን ዝናብ አይበግረውም» ብሎኝ ነበር፤ ቃሉ ግማሹ እውነት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የቤቴ ዲሽ 90 ሳንቲ ሲሆን በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ሳተላይት የዞረ ነው። ሳተላይቱ ከጅማ ሲታይ ከአድማስ 65 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ ሞገዱ ዝናቡን አቋርጦ የሚመጣው በአጭር መንገድ ነው። ይህም ሆኖ በኬዩ ባንድ (ስርጭቱ በሚመጣበት የሞገድ ክልል) ኃይለኛ ዝናብ ሁለት ጉዳት ያደርሳል፤ ሲግናሉን ያዳክማል፣ ራሱም ረብሻ ይጨምርበታል። ዶፍ ሲወርድ ምስሉ በተቆራረጠ ቁጥር «ዲሹ ዞሯል» እያልን ባለሙያ የምንጠራው ብዙ ጊዜ ያለ ምክንያት ነው። ዲሹ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ሪሲቨሩ ግን ከረብሻው ውስጥ ትክክለኛውን መረጃ ለይቶ ማውጣት አቅቶታል።

የዲቪቢ-ኤስና የኤስ2 ሪሲቨር ልዩነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የድሮው ዲቪቢ-ኤስ በመንገድ የተበላሸውን መረጃ በመጀመሪያ በቪተርቢ ስልት፣ ቀጥሎም በሪድ-ሶሎሞን ኮድ ያርማል፤ በእያንዳንዱ 188 ባይት ላይ 16 ባይት ማመሳከሪያ ስለሚጨመር እስከ 8 የተበላሹ ባይቶችን ማቃናት ይቻላል፣ ከዚያ ካለፈ ግን ፓኬቱ (ያ የመረጃ ጥቅል) የለም ማለት ነው። ኤስ2 የሚሠራው ኤልዲፒሲ በሚባለው ኮድ ሲሆን፣ የተረፈችውን ጥቂት ስሕተት ቢሲኤች የተባለ ሌላ ኮድ ይለቅማታል። ኤልዲፒሲን አሜሪካዊው ኢንጂነር ሮበርት ጋላገር በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ቢያቀርበውም የዘመኑ ማሽኖች ስላልቻሉት እስከ 1990ዎቹ ድረስ የሚያስታውሰው ሰው ጥቂት ነበር።

አሠራሩን ለመረዳት የእሸት ቡና ተረካቢን መዝገብ ማሰብ ይበቃል። የእያንዳንዱ ገበሬ ድምር በጎን፣ የእያንዳንዱ ቀን ድምር ደግሞ ከግርጌ ይጻፋል። ዝናብ አንዱን ቁጥር ቢያደበዝዘው ከጎኑ ድምር ላይ ቀንሶ ማግኘት ይቻላል፤ በአንድ መስመር ሁለት ቁጥሮች ከጠፉ ግን የጎኑ ድምር ብቻውን ስለማይበቃ አንደኛውን ከግርጌው አግኝቶ ወደ ጎኑ መመለስ ያስፈልጋል። ዲኮደሩም (ኮዱን የሚፈታው የሪሲቨሩ ክፍል) የሚያደርገው ይህንኑ መመላለስ ነው፤ ልዩነቱ፣ 64,800 ቢት (ዜሮ ወይም አንድ) ባለው አንድ ፍሬም፣ ማለትም አንድ የመረጃ ክፍል ላይ፣ በ3/4 ኮድ (ከአራት ቢት ሦስቱ መረጃ፣ አንዱ ማመሳከሪያ ሲሆን) 16,200 ድምሮችን የሚያመሳክር መሆኑና እያንዳንዱን ቢት «ጠፍቷል» ወይም «አለ» ብሎ ሳይሆን «አንድ ይመስለኛል፣ ግን ብዙም አላምነውም» በሚል የእምነት መጠን የሚይዝ መሆኑ ነው።

ሥራው በትክክለኛው ቀመር ቢሠራ ውድ ስለሚሆን በቺፖች ላይ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው አቋራጭ ዘዴ ነው፤ ከሚገናኙት እምነቶች ሁሉ ትንሹን ብቻ ይወስዳል፣ የሚያጣውም ጥቂት ነው። ሁሉም ድምሮች ሲገጥሙ ስሌቱ ወዲያው ይቆማል። ስለዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጥቂት ዙር ይበቃዋል፣ ዝናብ ሲመጣ ግን እስከ ተፈቀደለት ዙር ድረስ ይለፋል።

ይህ ልፋት ከሪሲቨር ሪሲቨር ይለያይ እንደሆነ ለማየት ጎረቤቴ ያለውን፣ እሱም ኤስ2 የሚቀበል አሮጌ ሪሲቨር ተውሼ ሁለቱንም ከአንድ ባለ ሁለት መውጫ ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት ሆኖ ሲግናሉን ከሚቀበለው መሣሪያ) ጋር አገናኘኋቸው፤ ሁለቱንም በአንድ ቻናል ላይ አድርጌ የኤልኤንቢውን ፊት በረጠበ ጨርቅ ሸፈንሁ፣ ከዚያም ጨርቁን እያጠፍሁ አወፈርሁት። ጨርቁ ሁለት ድርብ ሲሆን የጎረቤቴ ሪሲቨር ምስሉን ወደ ድርድር ካሬ ቀየረው፤ የእኔው ምንም ሳይነካው ቆየ። በሦስተኛው ድርብ ላይ ግን ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ በአንድ ጊዜ ጠቆረ። እንደ አናሎጉ ዘመን ቀስ በቀስ በረዶ አይወርድበትም፤ ዲኮደሩ እስከ ገደሉ አፋፍ ያደርስሃል፣ ከዚያ ይለቅሃል። የቺፑ ችሎታ ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም፣ የቱነሩ (የቻናሉን ሞገድ ነጥሎ የሚይዘው ክፍል) ጥራትም ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። ሁለቱን አቀያይሬ በሌላኛው መውጫ ብሞክርም ውጤቱ አልተለወጠም።

ቅር ያሰኘኝ የሚያሳየው ቁጥር ነው። «ኳሊቲ 72 በመቶ» ይላል፤ ይህ ቁጥር የምን 72 በመቶ እንደሆነ ሜኑውም መመሪያውም አይናገርም። በኤስ2 ደረጃ መረጃን በሞገድ ላይ ከሚጭኑት ዘዴዎች ኪውፒኤስኬ 3/4 ለመፈታት 4 ዴሲቤል ያህል (ሲግናሉ ከረብሻው የሚበልጥበት መለኪያ) ሲበቃው ኤይት-ፒኤስኬ 3/4 ወደ 8 ዴሲቤል ይፈልጋል፤ ስለዚህ በአንዱ ቻናል በቂ የሆነው ሲግናል በሌላው ላይ ጥቁር ስክሪን ነው። በዴሲቤል ቢያሳየን ዲሽ ስናስተካክል ለገደሉ ምን ያህል እንደቀረን እናውቅ ነበር። የ«ኤፍኢሲ» (የስሕተት ማረሚያ ኮድ) ምርጫውንም ለኤስ2 ቻናሎች ባይጠይቀን ይሻል ነበር፣ የኮዱን ዓይነት ፍሬሙ ራሱ በራስጌው ይዞ ይመጣልና።

ቻናል ሲቀየር የሚዘገየው በዲኮደሩ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ። አይመስለኝም፤ በተለመደው ፍጥነት አንድ ፍሬም በአንድ ሚሊ ሰከንድ ያህል ጊዜ ያልፋል፣ የምንጠብቀው ሙሉ ምስል የሚጀምርበትን ቦታ ነው። ሪሞቱ ቀላል ነው፣ ቁልፎቹ ግን ደረቅ ናቸው። የስድስት ወሩ ዋስትና በመብራት መዋዠቅ የሚቃጠለውን ፓወር አይሸፍንም፤ ይህን የነገሩኝ ከከፈልሁ በኋላ ነው።

በድሮው ዲቪቢ-ኤስ የሚሰራጩትን ቻናሎች ብቻ የሚያይ ሰው ለዚህ ዕቃ ተጨማሪ ብር የሚያወጣበት ምክንያት አይታየኝም። ሌላው ግን ከመግዛቱ በፊት ሱቁ ጣሪያ ላይ ባለው ዲሽ አስከፍቶ፣ የረጠበ ጨርቅ ኤልኤንቢው ላይ እንዲያኖሩለት ይጠይቅ። እኔ መጀመሪያ የጠየቅሁበት ሱቅ እምቢ አለኝ፤ ሁለተኛው ሳቀብኝ፣ ግን መሰላል አመጣልኝ።